የተነሣው ተራራና ያልተነሣው ቆላ
ስለ ሳልጋዶ «ዘፍጥረት» የፎቶግራፍ ትርኢት

ለመጽሐፍም ሆነ ለሥዕል ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ስም ቃል ኪዳን ነውና ስሙን ያወጣ ሰው በስሙ ይጠየቃል። በብራዚል አገር የተወለደው ስመ ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ፥ ሚያዝያ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ለተከፈተው ታላቅ ትርኢቱ ያወጣለት ስም «ጄኔሲስ»፥ ይኸውም ዘፍጥረት የሚለው ነው። ከ200 የሚበልጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ተሰቅለው እስከ ጳጉሜን ወር ድረስ ታዩ። ትርኢቱ በሮማ፥ በፓሪስ፥ በቶሮንቶ፥ በሪዮ ዴ ጃኔይሮና በሌሎችም ከተሞች ታየ። ባለቤቱ ሌሊያ ዋኒክ ሳልጋዶ ያሰናዳችው ታላቅ መጽሐፍም በዚያው ጊዜ ታተመ።

ሥራው ስምንት ዓመትና ሠላሳ ያህል ጉዞ የፈጀ ነው። ከጉዞዎቹም አንዱ የተደረገው በኢትዮጵያ ሲሆን፥ ሳልጋዶ በ2000 ዓ.ም. ግድም ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ስሜን ተራሮች 850 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዷል። ስለዚህ በሎንዶን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ተራራ የላስታና የስሜን፥ የአማራ ምድር ነበረ። ሳልጋዶ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በፓሪስ ስላረፈ፥ ከእንግዲህ ሥራው ያለ ባለቤቱ ቃል ብቻውን ይመሰክራል። ስሙንና ሥራውን አስተያይቶ መመርመር የሚገባውም አሁን ነው።

አስቀድሞ የሰውየውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳልጋዶ በ1936 ዓ.ም. ተወልዶ የኢኮኖሚ ትምህርት ተማረ፤ መቀመጫው በሎንዶን በሆነው በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅትም ሠራ። ለዚሁ ሥራ ወደ አፍሪካ ሲመላለስ የፎቶግራፍ ፍቅር አደረበትና በ1965 ዓ.ም. ግድም እንጀራውን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። በ1977ቱ የረኃብ ዘመንም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከሚባለው ማኅበር ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በኮረም መጠለያ ያየውን አነሣ፤ ከትግራይ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሰደዱትንም ሰዎች ተከትሎ አነሣ። ኮረምና ላስታ ጎረቤት ናቸው። በፊት የረኃብተኛውን ዐይን ያነሣ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው አገር የተራራውን ጫፍ ለማንሣት ተመለሰ ማለት ነው።

በመካከሉ ግን ልቡ ታሞ ነበር። በሩዋንዳ የተፈጸመውን እልቂት ካየ በኋላ በሰው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ወደ ተወለደበት እርሻ ቢገባ፥ በልጅነቱ ደን የነበረውን መሬት ራቁቱን አገኘው። በባለቤቱም ምክር ዛፍ መትከል ጀመሩ፤ በ1990 ዓ.ም. ቴራ የሚባለውን ተቋም አቆሙ፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍም ተተከለ። ምንጩ ተመለሰ፥ ወፉም ተመለሰ። «ዘፍጥረት» የተባለው ትርኢት የተፀነሰው ከዚህ ደስታ ነው። ገና ያልተበላሸ ምድር ብዙ አለና ሰው አይቶ ይጠብቀው የሚል ምክር ነበረ፤ ምክሩም መልካም ነው።

ስለ ሥራው ውበት የሚከራከር የለም። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለምን ከገፈፈ በኋላ ለዐይን የሚተወው ቅርጽንና ብርሃንን ብቻ ነው። ስሜን ደግሞ ለዚህ የተመቸ አገር ነው። ገደሉ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ ንብብር በንብብር እየሆነ የረጋበት ስለሆነ፥ ፀሐይ በጧትና በማታ ከጎን ስትመታው ንብብሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይቈጠራል፤ በቀትር ግን ጥላው ስለሚያጥር ሁሉ አንድ ሜዳ ይመስላል። ይህን ብርሃን ለማግኘት በእግር መሄድ፥ በብርድ ማደር፥ ደመናም እስኪገለጥ መታገሥ ያስፈልጋል። ሳልጋዶ ይህን ሁሉ አድርጓል። ከአውሮፕላን መስኮት አገርን እያየ የሚያልፍ ሰው ሥራና ሁለት ወር ያህል ከአህያ ኋላ የተጓዘ ሰው ሥራ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ልዩነቱንም ተመልካች ሳይነገረው ያውቀዋል።

ነቀፌታው የሚጀምረው ከስሙ ነው። ዘፍጥረት የሚለውን ስም የመረጠ ሰው ምድርን በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረች አሳያለሁ ማለቱ ነው። ስሜን ግን እንደ መጀመሪያው ቀን የሆነ አገር አይደለም። ከረጅም ዘመን ጀምሮ በበሬ የታረሰ፥ ገብስ የተዘራበት፥ ከብት የተሰማራበት፥ ቤተ ክርስቲያን የታነጸበት አገር ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባም በውስጡ መንደር ነበረበት። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካለባቸው ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከተራራው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ሳልጋዶ ሲያልፍ እነዚህ ሰዎች ገና በዚያ ያርሱ ነበር፤ ትርኢቱ በሎንዶን ሲከፈትም ገና በዚያ ነበሩ። መሬቱ ማረፍ አለበት የሚለው ክርክር ምክንያት የሌለው አይደለም፤ ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም መኖሪያ ይሻሉ። ዳሩ ግን ሰው የኖረበትን አገር ሰው ያልነካው ብሎ መሰየም፥ ኋላ ሰውየው ሲነሣ ማንም እንዳልተነሣ ያስመስላል።

ይኸው ነገር በሰዎቹም ሥዕል ይታያል። በትርኢቱ የአፍሪካ ክፍል የሙርሲና የሱርማ ሰዎች ከተራራውና ከአራዊቱ ጋራ ተሰልፈዋል። እነዚህ ሰዎች ግን እንደ ሎንዶኑ ተመልካች ሁሉ የዚህ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ገበያና ግብር፥ ፍርድ ቤትና መንገድ ያውቃሉ። አሜሪካዊቱ ጸሓፊ ሱዛን ሶንታግ በ1995 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፏ በሳልጋዶ የቀደሙት ሥራዎች ላይ ያቀረበችው ወቀሳ፥ በሥዕሎቹ ግርጌ የድኾቹ ስም አይጻፍም የሚል ነበረ። ስም ያለው ታላቅ ሰው ብቻ ነው፤ ድኻ ግን የድኽነቱ ምሳሌ ሆኖ ይቀራል ማለቷ ነው። ይህ ወቀሳ ወደ መሬትም ይሻገራል፤ ስሙ ያልተጻፈለት ጅረትና ያልተጠየቀ ገበሬ አንድ ዕጣ አላቸውና።

የኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሰው የስሙን ስሕተት ከመጽሐፉ ከራሱ ያገኘዋል። መጽሐፉ 50 ምዕራፍ ነው፤ የስድስቱ ቀን ሥራ የሚፈጸመው ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እምብዛም ሳይርቅ ነው። ወዲያውም ሰው በገነት ይኖራል፤ የሚኖረውም እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንጂ እንዲያያት ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ላብ አለ፥ እሾኽ አለ፥ የወንድም ደም በምድር ላይ አለ። ይስሐቅ የቈፈራቸው ጕድጓዶች ሁሉ ስም አላቸው፤ አብርሃም ለመቃብር የገዛው እርሻ በምስክር ፊት፥ ከነዋሻውና ከነዛፉ ተቈጥሮ ተገዛ። በመጨረሻም ረኃብ ይመጣና የያዕቆብ ቤት እህል ፍለጋ ወደ ግብጽ ይወርዳል። እንግዲህ ዘፍጥረት የተባለው መጽሐፍ የተራራ ብቻ አይደለም፥ የስደትም ነው። ሳልጋዶ በ1977 በኮረምና በሱዳን ያነሣቸው ሥዕሎች ለዘፍጥረት የሚገቡት በስሜን ካነሣቸው ባላነሰ ነው። ሁለቱን ለይቶ አንዱን የመከራ፥ አንዱን የፍጥረት ብሎ መሰየሙ፥ አንዱን ቅኔ ለሁለት ቀዶ ሰሙን ለአንድ ጉባኤ፥ ወርቁን ለሌላ ጉባኤ እንደ መስጠት ያለ ነው።

በተራራውና በስደተኛው መጠለያ መካከል ያለው አገር ደግሞ ከሁለቱም ወገን ቀርቷል። የሳልጋዶ መንገድ በስሜን ቆመ፤ ውሃው ግን አይቆምም። የስሜን ውሃ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ከጭልጋ ደጋ የሚነሣው ጓንግ ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይገባል። በዚያ ጓንግ አትባራ፥ ተከዜ ደግሞ ሰቲት ተብለው በሱዳን ምድር ይገናኛሉ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በነዚህ ወንዞች ተጕዞ ወደ መተማ ደርሶ ነበር። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ግብጽን ያበለጸገው ጥቁር አፈር በነዚህ ወንዞች ከሐበሻ ታጥቦ የሚወርድ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ በሎንዶን ግድግዳ ላይ የማይነቃነቅ መስሎ የቆመው ተራራ በያመቱ ክረምት ጥቂት በጥቂት ወደ ቆላ ይወርዳል። ተራራውን አንሥቶ ቆላውን መተው የደብዳቤውን ራስጌ አንብቦ ቃሉን እንደ መተው ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ገንደ ውሃ፥ ከዚያም ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን በአንድ ቀን ትቶ ወደ ሐሩር ይገባል። ስሜን በራስ ዳሸን ከ4 ሺህ 5 መቶ ሜትር በላይ ሲሆን መተማ ከ7 መቶ ሜትር ገደማ አይበልጥም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መሬቱ ሜዳና ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት እግር ይይዛል። አባሎና ሽመል፥ የዕጣን ዛፍም ይበቅልበታል፤ ደኑ በተመነጠረበት ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ይዘራል። ጉሙዙም አማራውም ቅማንቱም ይኖሩበታል፤ በአዝመራ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቍጥር የለውም። ለፎቶግራፍ አንሺ ይህ አገር አስቸጋሪ ነው። ገደል ስለሌለው ጥላ አይሰጥም፤ ሰማዩ በበጋ አቧራና ጢስ ነው፤ ዐይን የሚያርፍበት ጫፍ የለውም። የፎቶግራፍ ሰዎች ወደ ደጋ የሚሮጡበት ምክንያት ይህ ነው። የሥዕል ሥራ ልማድ ግን የታሪክን ክብደት አይለካም።

በታሪክ ክብደት የሚመዘን ከሆነ መተማን የሚያህል ጥቂት ነው። የጎንደርና የሱዳን ነጋዴ ቡናና ጥጥ፥ ሰምም፥ ባሪያም ጭምር የተለዋወጠበት ገበያ ነው። በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለው የደርቡሽ ጦር የመጣው በዚህ በኩል ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተዋግተው ለሞት የቆሰሉት በዚሁ ሜዳ ነው፤ ከተማውም በስማቸው ይጠራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣም በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ከገላባት ተሻግሮ ወደ መተማ ገባ። በ1977 ኢትዮጵያዊ ወደ ሱዳን ይሰደድ ነበር፤ በ2015 ሱዳናዊው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ይህን ሁሉ ያየ ሜዳ ግን በፎቶግራፍ ሲታይ ሣርና አቧራ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የመሬት ፎቶግራፍ ሥራ ዋና ችግር ይገለጣል፤ ፎቶግራፍ የቆመውን ያሳያል እንጂ የጎደለውን አያሳይም።

ለዚህ ከዕጣን ዛፍ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በየቤተ ክርስቲያኑ በጽና ከሚጤሰው ዕጣን ብዙው ከዚህ ቆላ የሚመጣ ነው። በበጋ ወራት ለቃሚው የዛፉን ልጥ በትንሽ መሣሪያ ጥቂት ጥቂት እየፋቀ ያቈስለዋል፤ ደሙ ወጥቶ ሲደርቅ ይሰበስበዋል። በ2004 ዓ.ም. የታተመ በመተማ አካባቢ የተደረገ ጥናት እንዳስረዳው፥ በዚያ ያሉት ዛፎች ትልልቆች ሆነው ሳለ ተተኪ ወጣት ዛፍ አይገኝም። ችግኙ በከብት ይበላል፥ በእሳት ይቃጠላል፤ ትልቁንም ዛፍ ግንድ የሚሠረስር ጥንዚዛ ይገድለዋል። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ በ15 ዓመት የዕጣኑ ምርት በግማሽ፥ በ50 ዓመት ደግሞ ዛፉ ከመቶ ዘጠናው እጅ ይጠፋል ብለው ገምተዋል። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በዚህ ደን ቆሞ ቢያነሣ ምን ያገኛል? የከበረ ዛፍ፥ ያማረ ቅርፊት፥ ከዛፉ ኋላም የምትጠልቅ ፀሐይ ያገኛል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ደኑ ደኅና ነው ይላል። ደኑ ግን ልጅ እንዳጣ ሽማግሌ ነው። የሚታየው ዛፍ ሰሙ ነው፤ የማይታየው ችግኝ ወርቁ ነው። ሰሙን ብቻ ያየ ሰው አልዋሸም፤ ቅኔውን ግን አልፈታም።

ይህን ችግር ፎቶግራፍ ራሱ ሊያርመው እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ ደግሞ አለ። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጋራ ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች በመንገዳቸው የአገሩን መልክ በብዙ ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጅግና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሥዕሎቹን ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ቀድሞዎቹ ቦታዎች ሄዱና በዚያው ስፍራ ቆመው እንደ ገና አነሧቸው፤ ውጤቱንም በ2001 ዓ.ም. አሳተሙ። ሁሉ የሚጠብቀው ያኔ ደን የነበረው ዛሬ ምድረ በዳ ሆኖ ይገኛል ብሎ ነበር። የተገኘው ግን በብዙ ስፍራ ዛሬ ዛፉ ከያኔው የበለጠ፥ አፈሩም በእርከን የተጠበቀ መሆኑ ነው። እርከኑን የሠራው የገበሬ እጅ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ ብቻውን ይህን ሊናገር አይችልም ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ዘመንና እጅ ተናገሩ። ወታደሮቹ እንደ ሳልጋዶ ያለ ጥበብ አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ የቆሙበት ስፍራ ተለይቶ በመገኘቱ ሥራቸው ለልጅ ልጅ ጠቀመ።

በመተማ ቆላም እንዲሁ የሰው እጅ የጠበቀው ስፍራ አለ። የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ደን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በመነኮሳቱ ጥበቃ የኖረ ነው። ዙሪያው ለእርሻ ሲመነጠር እርሱ ዛፉን ይዞ ቆይቷል። ይህን ደን ከሩቅ የሚያነሣ ሰው ያልተነካ ፍጥረት ሊለው ይችላል፤ እውነቱ ግን እጅግ የተነካ መሆኑ ነው፤ የነካው እጅ ጠባቂ እጅ ስለሆነ ብቻ አይታይም። በየደብሩ ዐጸድ ያለው የጥድና የወይራ ደንም እንዲሁ ነው። ሳልጋዶም ይህን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። በአባቱ እርሻ ላይ የቆመው ደን በእጅ የተተከለ ነውና። የሚያስደንቀውም ይኸው ነው፤ በአገሩ በእጁ ያስመሰከረውን እውነት በሰው አገር በፎቶግራፉ ሳይናገረው ቀረ።

የሳልጋዶን ሥራ ከዚህ በላይ ማሳነስ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። አንዳንዶች ከረኃብተኛው ፊት ውበት አወጣ ብለው ነቅፈውታል፤ ይህ ነቀፌታ ደካማ ነው። ውበት ተመልካቹን ካላቆመው የረኃብተኛውን ፊት ማን ትኩር ብሎ ያየዋል? የስሜንንም ተራራ አሳምሮ ማንሣቱ ኀጢአት አይደለም። ጉድለቱ ያለው ውበቱን ሙሉ ምስክር አድርጎ ማቅረቡ ላይ፥ ለዚያም ከመጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያውን ስም መዋሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ የጎንደርን ደጋም ሆነ ቆላ በፎቶግራፍ ለማሳየት የሚነሣ ሰው፥ ኢትዮጵያዊም ይሁን እንግዳ፥ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው ስም ነው፤ የወንዙ፥ የመንደሩ፥ በሥዕሉ ውስጥ የሚሄደው ሰው ስም ከፈቃዱ ጋራ በግርጌ ይጻፍ። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ጓንግ በነሐሴ ሲሞላ የተነሣበት ስፍራ በመጋቢት አሸዋ ሲሆንም ይነሣ፥ ከሃያ ዓመት በኋላም ሌላው መጥቶ እንዲያነሣው የቆመበት ስፍራ ይታወቅ። ሦስተኛው እጅ ነው፤ መሬቱን ማን እንደሚጠብቀው ወይም ማን እንደሚያጠፋው ተመልካቹ ይረዳ። በነዚህ በሦስቱ የሚሠራ ሰው ከሳልጋዶ ያነሰ ጥበብ ቢኖረውም የበለጠ እውነት ይናገራል፤ የሳልጋዶ ጥበብ ያለው ሰው በነዚህ ቢሠራ ደግሞ ወደር አይገኝለትም።

ቤተ መዘክሮችም ተራራውን በአንድ አዳራሽ፥ ስደተኛውን በሌላ አዳራሽ ማሳየታቸውን ሊያስቡበት ይገባል። የላስታው ጫፍ፥ የኮረም መጠለያ፥ የመተማ ዋልካና የምሥራቅ ሱዳን አሸዋ በአንድ ግድግዳ ላይ በተርታ ቢሰቀሉ፥ ውሃውና አፈሩ፥ ሰውም ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት አንዱ መንገድ በግልጥ ይነበባል። ያን ጊዜ ትርኢቱ ዘፍጥረት ቢባል ማንም አይቃወምም፤ ስሙን ከነ 50 ምዕራፉ ተሸክሞታልና።